ከሽማግሌዎቻችን ጋር እንሄዳለን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነሐሴ 24 የአባታችንን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት ደብረ ሊባኖስ አክብረን ጅማ ከገባን ጥቂት ቀን ሆነን። የገዳሙን ጭቃ ከጫማዬ ገና አላራገፍኩም። በዓሉ ደስ ይላል። እንቅልፍ የነሳኝ መንገዱ ነው።

ከጅማ የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነበር። ወጣቱ ቀድሞ ገብቶ የፊት የፊቱን ወንበር ያዘ። በከዘራ ቀስ እያሉ ለመጡት እናቶችና አባቶች የተረፋቸው የኋላው ነው፤ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሰው ተነስቶ የሚፈርጥበት። እትዬ የምላቸው ትልቋ አክስቴም እዚያው ነበሩ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታና ውኃ ሰጠኋቸው። ከንፈራቸውን ብቻ አርጥበው መለሱልኝ።

«ይጠጡ እንጂ እትዬ!»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ተወኝ ልጄ። ከጠጣሁ አቁሙልኝ ማለት ይመጣል። ሰው አላስቸግርም።»

ለምን እንደፈሩ ገባኝ። ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ አባት አቁሙልኝ ሲሉ፣ ከበሮ የያዘው ልጅ መዝሙሩን አቋርጦ «ድሮስ ቤታቸው ቢቀሩ ምን ነበረበት!» ብሎ ነበር። የሳቁም ነበሩ። እኔም ዝም አልኩ። አስተማሪ ተብዬው!

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 10ን ታውቁታላችሁ። ፈርዖን ሙሴን፣ የሚሄዱት እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቀዋል። ሙሴ ምን አለ? ከታናናሾቻችንና ከሽማግሌዎቻችን ጋር እንሄዳለን፤ የእግዚአብሔር በዓል ነውና አለ። ምክንያቱን ልብ በሉ። በዓል ስለሆነ ነው ሽማግሌው የማይቀረው። ፈርዖን ግን እንቢ አለ፤ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ አለ። ጉልበት ያለው ይሂድ፣ ሌላው ይቅር ማለቱ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያ በአውቶቡሱ ውስጥ የተነገረው ቃል የማን ነው? የሙሴ ነው ወይስ የፈርዖን? ነጠላ አጣፍተን፣ መስቀል አንገታችን ላይ አስረን የፈርዖንን ቃል ተናገርን። የዮሴፍ ዘመኑ ፈርዖን እንኳ ይሻላል፤ እሱስ አባታችሁን ይዛችሁ ኑ ብሎ ሰረገላ ልኳል። ያዕቆብም ሰረገላውን ሲያይ ነፍሱ ታደሰች።

ደግሞ የማንን በዓል ልናከብር ነበር የምንሄደው? ለጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግር 7 ዓመት የጸለዩትን አባት! የእግራቸውን ስባሪ በሥዕል እንሳለማለን፤ ጉልበቱ የታመመ አባት ከአውቶቡስ እስኪወርድ ግን መታገሥ አቃተን። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ጉዞ የምታስተባብሩ ልጆች፣ አትቀየሙኝ። የፊቱን ወንበር ከምዝገባው ቀን ጀምራችሁ ለአረጋውያን ያዙ። ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ እግር ታጥፎ ሲውል ያብጣል፣ ደምም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አቁሙ፤ እነሱ እስኪለምኑ አትጠብቁ። የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸው እጃቸው ላይ ይሁን። የእትዬ ኪኒን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ጣራ ላይ ታስሮ ነበር፤ የማታው ሳይዋጥ አደረ። ወደ ዋሻው ጠበል የሚወስደው ሽቅብ መንገድም በክረምት ያዳልጣል። ሁለት ጠንካራ ልጅ መድቡ፤ መውጣት ለማይችሉት ጠበሉን በጀሪካን ቅዱላቸው። በረከቱ አይጎድልም።

እናንተ እናቶቼና አባቶቼ ደግሞ፣ ውኃችሁን ጠጡ። አቁሙልኝ ማለት ነውር አይደለም። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» ብሎ ዳዊት እግዚአብሔርን ለምኗል፤ እናንተ ልጆቻችሁን ብትለምኑ ምን ያሳፍራል? እግዚአብሔርም አልጣላችሁም። የጣልናችሁ እኛ ነን፤ ይቅር በሉን።

ከተመለስን በኋላ እትዬ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ምን ሆነህ ነው አንተ? ተነስ!» አሉኝ፤ ስኒውን እያጠቡ ነበር። ያን የአውቶቡሱን ነገር ረስተውታል፣ ወይ የረሱ መስለዋል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል አውቶቡስ ይኖራል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የደብረ ሊባኖሱ ጋቢ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል።