ትራውማን የሚረዳ ትምህርት ቤት ምንድን ነው?

አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ከእናቱና ከእህቱ ጋር በኪራይ ቤት ይኖራል። ከቀያቸው ተፈናቅለው ነው የመጡት። ልጁ ጠዋት ያረፍዳል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ከኋላው ሲያልፍ ትከሻውን የነካውን ልጅ ዘሎ ይመታዋል። ዩኒት ሊደሩ ይጠራውና «ነገ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ!» ይለዋል። በማግሥቱ ልጁ አይመጣም። በሳምንቱም አይመጣም። አባቱ በሕይወት የለም። እናቱ ከንጋት ጀምራ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ትውላለች፤ አንድ ቀን ከቀረች የዚያ ቀን እንጀራ ይቀራል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ዩኒት ሊደሩ ሥራውን ሠራ። ደንቡም ለሁሉም ተማሪ አንድ ነው። ልጁ ግን ከትምህርት ወጣ። ትራውማን የሚረዳ ትምህርት ቤት የሚባለው እንዲህ ያለ ልጅ እንዳይወጣበት ብሎ አሠራሩን የለወጠ ትምህርት ቤት ነው።

ትራውማ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር በአእምሮና በሰውነት ላይ ትቶት የሚሄደው ጉዳት ነው። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የወላጅ ሞት፣ ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ሊያመጣው ይችላል። አንዳንዴ አንድ ክፉ ቀን ይበቃል። አንዳንዴ ደግሞ በየቀኑ የሚደጋገም ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። ክፉ ነገር ያየ ልጅ ሁሉ ግን ይጎዳል ማለት አይደለም። አጠገቡ የሚያምነው አዋቂ ካለና ኑሮው ከተረጋጋ ብዙው ልጅ ያገግማል። የትምህርት ቤት ትልቁ ድርሻም ይሄው ነው።

በአእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሥራው አደጋን ቀድሞ ማወቅ ነው። አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውየው ወይ ይጋፈጣል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ደርቆ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ከግንባር ጀርባ ያለው፣ የሚያመዛዝነውና ስሜትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ይደክማል። ይህ ሕይወት ያድናል። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላም ማንቂያው አለመጥፋቱ ነው። አንድ ጊዜ ሌባ እንደገባበት ዘበኛ፣ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላል።

ስለዚህ በር ሲጋጭ የሚበረግገው፣ ሁልጊዜ በር አጠገብ ካልተቀመጥኩ የሚለው፣ መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፊቱ ባዶ የሚሆነው ልጅ አለ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ አድሮ ቀን የሚተኛው አለ። እነዚህ «ባለጌ» ወይም «ሰነፍ» ከመባላቸው በፊት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ዝም ያሉት ናቸው። እኛ አገር ጸጥ ያለች ሴት ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። አንገቷን ደፍታ ዓመቱን ትጨርሳለች። ምን እንደደረሰባት የሚጠይቃት የለም።

በልጅነት የደረሰ ጉዳት ሳይጠፋ ይቆያል የሚለውን ሐሳብ ወደ አደባባይ ካወጡት ጥናቶች አንዱ አሜሪካ ውስጥ፣ ሳንዲያጎ ላይ የተሠራ ነው። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ድረስ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቀ። በልጅነት የደረሰው ክፉ ነገር ዓይነቱ በበዛ ቁጥር፣ ካደጉ በኋላ ድብርትም ሆነ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ የጠየቀው ግን በአብዛኛው ቤት ውስጥ ስለሚደርሰው ነው። ጦርነትን፣ መፈናቀልን፣ በዘር መሰደብን አልጠየቀም። የእኛ ልጆች ሸክም በዚያ መጠይቅ ብቻ አይለካም።

የባህር ዳር ልጆች ያዩትን እናውቃለን። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ላይ ሮኬት ተተኮሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ከዕድሜያቸው በታች የሚማሩ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ያቋረጡ፣ ቤተሰብ ያጡ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። መምህሩም ከነሱ ጋር ነው ያንን ዘመን ያሳለፈው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ትራውማን የሚረዳ ተቋም ምን እንደሚያደርግ በአራት ነጥብ አስቀምጧል። ጉዳቱ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ያውቃል። ምልክቱን ይለያል። አሠራሩን በዚያ መሠረት ያስተካክላል። የተጎዳውን ሰው ደግሞ እንደገና አይጎዳም። ሦስቱ ሥልጠናና ጊዜ ይፈልጋሉ። አራተኛውን ግን ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል።

አለመጉዳት ሲባል መጀመሪያ ልምጩን ማስቀመጥ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ በ1987 ዓ.ም. ነው የጸደቀው። ማንበርከክ፣ መቆንጠጥ፣ ፀሐይ ላይ ማቆም ግን ዛሬም አለ። «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ቤት ውስጥ ሲደበደብ ያደረ ልጅ ግን ጎማ የያዘ መምህር ሲያይ አይታረምም። ማንቂያው ይጮኽበታል፣ ከዚያ በኋላ ሂሳቡም አማርኛውም ጆሮው አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀኑ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። መምህሩ ሲገባ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዛሬ ምን እንደሚሠሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፋል፣ ፈተና ካለ አስቀድሞ ይናገራል። ደወሉ ከመደወሉ በፊት «ሁለት ደቂቃ ቀርቶናል» ይላል። ከኋላ መጥቶ ልጅ አይነካም። ስም ጠሪው መምህር «ትላንት ለምን ቀረህ?» ከማለቱ በፊት «እንኳን መጣህ» ይላል። ነገ ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ልጅ በየቀኑ ሳይለዋወጥ የሚቆየው አንድ ክፍለ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

ፍትሕ ከዚህ ተነጥሎ የሚታይ አይመስለኝም። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ደንብ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ወላጅ ለሌለው ልጅ ግን የመባረሪያ ወረቀት ነው። ተፈናቅሎ የመጣን ልጅ «መልቀቂያህን ካላመጣህ አንመዘግብህም» ማለትም እንደዚያው። የተማረበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወይም ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ከየት ያመጣዋል? ፍትሐዊ የሆነ ትምህርት ቤት በአጭር ፈተና ደረጃውን አይቶ ያስገባዋል፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ወላጅ ሲባልም አያት፣ ታላቅ እህት፣ ያሳደገች ጎረቤት ትቆጠራለች። ቀን መምጣት የማትችል እናት በስልክ ትገኛለች።

በጣና ዳር ደግሞ የነገደ ወይጦ ልጆች አሉ። ቤተሰቦቻቸው ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ በስፌት፣ በዓሣ ማጥመድ የኖሩ ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሆኖም ለትውልዶች ተሰድበዋል፣ ከማዕድ ተገልለዋል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ስድቡ ተከትሏቸው ይገባል። አጠገባቸው አልቀመጥም የሚል ልጅ ይኖራል፤ እሱም ቤቱ የሰማውን ነው ይዞ የመጣው። እንዲህ የምትሰደብን የወይጦ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን አማካሪ ዘንድ መላክ ብቻውን ምን ይፈይዳል? በየእረፍቱ የምትቆስል ልጅ በየት በኩል ትድናለች? መምህሩ ስድቡን በዕለቱ፣ የሰሙት ልጆች ባሉበት ማስቆም አለበት። የመቀመጫ ድልድሉን ራሱ ያወጣል። ከዚያም አልፎ ታንኳ ሠሪ አባት ክፍል ገብተው ደንገል ለምን እንደሚንሳፈፍ ቢያስረዱ የሳይንስ ትምህርት ነው። ልጃቸው ያን ቀን ቀና ብላ ትቀመጣለች።

ይህን ሁሉ መምህሩ ብቻውን ይወጣው ማለት ግፍ ነው። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚማር ሁላችንም እናውቃለን። ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የቀረውን ልጅ ሲያሳውቀው ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ልጁ የቀረው ደብተር አጥቶ ነው? ታሞ ነው? ሊስትሮ ጀምሮ ነው? ያጣራል። ከዚያ ቀበሌውን፣ ጤና ጣቢያውን፣ እድሩን ያናግራል። ቤተሰቡ ልጁን ፀበል እየወሰደው ከሆነ አያጣጥልም፤ ከፀበሉ ጎን ሕክምናም እንዲያገኝ በትሕትና ያስረዳል።

ሙያው አገራችን ውስጥ ሥር ያልሰደደበት ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘጋ። የተከፈተው እንደገና እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመሃል አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይሠለጥን አለፈ። ዛሬ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲም የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። እነዚህ ምሩቃን በመንግሥት ትምህርት ቤት መደብ ቢኖራቸው እመኛለሁ። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹ ለልምምድ ሲወጡ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ቢከፍቱላቸው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሁለት ልጆች ሲጣሉስ? ከማባረር ይልቅ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይመከራል። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? እንዴት ይካስ? ሽምግልናን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን ልጆቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረጉ ነው። «በል ጉልበት ሳምና ጨርስ» ተብሎ የተቋጨ እርቅ ውስጥ የተጎዳው ልጅ አልተሰማም። አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም ወደ ሽምግልና አይሄድም። ወሲባዊ ጥቃት የሐኪምና የፖሊስ ጉዳይ ነው። ጥቃት አድራሹ መምህር ይሁን ዘመድ፣ «የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ» ብሎ መሸምገል ልጅቷን ሁለተኛ መጉዳት ነው።

መምህር ሐኪም አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ ላይ ከተራ ሰው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ልጁ ያየውን እንዲተርክ አይገደድም። መናገር ከፈለገ ይሰማል። «አይዞህ፣ እርሳው» ከማለት «በመንገርህ ደስ ብሎኛል» ማለት ይሻላል። «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ግን ቃል አይገባም፤ ልጁን ለማትረፍ መናገር ግድ ሊሆን ይችላል።

ለሳምንታት የማይተኛ፣ የማይበላ፣ ከሰው የራቀ ልጅ ካለ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ ያስፈልጋል። ባህር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «መሞት እፈልጋለሁ» ያለ ልጅ ግን ለነገ አይባልም። በዚያው ዕለት፣ ብቻውን ሳይተው፣ አዋቂ ሰው አብሮት ሆስፒታል ይሄዳል።