አቮካዶው ወንድ አይደለም፤ ገና ልጅ ነው

ዛፍም ልጅነትና ጉልምስና አለው። ይህ ባለመታወቁ ስለ ባሕር ዛፍና ስለ አቮካዶ የሚባሉ አምስት ነገሮችን እንይ።

«ባለ ክብ ቅጠሉና ባለ ረጅም ቅጠሉ ባሕር ዛፍ ሁለት ዓይነት ናቸው»

ስለ ነጭ ባሕር ዛፍ ከሆነ አንድ ናቸው። ችግኙን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ሰፋ ያሉ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ናቸው፤ ስትነኳቸው ነጭ ዱቄት እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንጓ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ያለ ዘንግ ግንዱን ተጣብቀው ይወጣሉ። ዛፉ ሲጎለምስ የሚያወጣው ቅጠል ግን እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ዘንግ ያለውና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ክቡ ቅጠል ራሱ ረዝሞ እንዳይመስላችሁ። እሱ ክብ እንደሆነ ይረግፋል፤ የሚለወጠው ጫፉ ላይ አዲስ የሚወጣው ነው።

«ጉቶው አሮጌ ስለሆነ ቡቃያውም የደረሰ ነው»

ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ የሚወጣው መልሶ ያው ክብ ቅጠል ነው። ግር ይላል፤ ግን የዛፍ ሥረኛው ክፍል የተሠራው ዛፉ ልጅ እያለ ስለሆነ ልጅነቱን እንደያዘ ይቀራል። የሚጎለምሰው ላይኛው ነው።

«ጣሪያ አልፎ ያላፈራ አቮካዶ ወንድ ነው፤ ቁረጡት»

ኧረ ተዉት! ለፓፓያ ቢሆን እሺ፤ እሱ በርግጥ ወንድ ዛፍ አለው። የአቮካዶ አበባ ግን ሴትም ወንድም ነው። መጀመሪያ በሴትነት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ በወንድነት ይከፈታል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት 5፣ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ቁመትና ጉልምስና ለየቅል ናቸው።

«ማዳበሪያ ከበዛለት ዘንድሮ ያፈራል»

በደንብ የተያዘ ችግኝ ቶሎ መድረሱ እውነት ነው። ልጅነቱን ግን በአንድ ክረምት አይዘለውም። ችግኝ ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ 156 የሚባል ሞለኪውል በብዛት አለ፤ ወደ ጉልምስና የሚገፉትን ጂኖች አፍኖ ይይዛል። ተክሉ እያደገ፣ ቅጠሎቹም ስኳር እያመረቱ ሲሄዱ መጠኑ ይቀንሳል። ያኔ ጂኖቹ ሥራ ይጀምራሉ።

«የተዳቀለ ችግኝ ቶሎ የሚያፈራው መድኃኒት ስለተጨመረበት ነው»

ምንም አልተጨመረበትም። የተዳቀለ የሚባለው ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ ከሌላ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲሰካበት ነው። ላዩ ላይ የተሰካው ቁራጭ የመጣው ካፈራ ዛፍ ስለሆነ ጉልምስናውን ይዞት ይመጣል። ለዚህ ነው ወገብ የማይደርስ አቮካዶ ሲያብብ የምታዩት። ከተሰካበት በታች የሚወጣው ቡቃያ ግን ከዘር የበቀለው የታችኛው ተክል ነው። ላዩን እንዳይውጠው ገና በለጋነቱ ቁረጡት።