አፍላቶክሲን ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ለውዝ ስንገዛ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የባቢሌ ነው?» የሚል ነው። ሻጯ አዎ ካለች አንድ ሁለት ፍሬ እንቀምስና ስፈሪልን እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምገዛው። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ግን ከመቅመሴ በፊት አፍሼ አየዋለሁ፤ ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው።

አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ነው። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ የመርዙም ስም የተወሰደው ከዚሁ ነው። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ከ100,000 በላይ በድንገት ባለቁ ጊዜ ነው። መንስኤው ሲፈለግ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ፣ ከትምባሆ ጎን አስቀምጦታል። በዋናነት የሚያጠቃው ጉበትን ነው።

ሻጋታው የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ ለውዝም የሚያፈራው ከመሬት በታች። ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ምስጥ ቅርፊቱን ሲበሳው ገና ሳይነቀል ይገባበታል። ከተነቀለ በኋላ ሳይደርቅ ጆንያ ከገባ ወይም ለመፈልፈል እንዲመች ውሃ ከተረጨበት ደግሞ ይብሳል። ማሽላና በቆሎም አያመልጡትም። ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ የሚከማችበት ጉድጓድ እርጥበት ከሳበ ከዳርና ከላይ ያለው እህል ይሻግታል፤ ያ እህል ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይበላ ማለት አይገባም።

ልጆች ላይ የሚብስበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰውነታቸው ትንሽ ነው፤ ከክብደታቸው አንፃር የሚበሉት ግን ከእኛ ይበልጣል። ብዙ ጊዜም ያው አንድ ዓይነት አጥሚት ወይም ገንፎ በየቀኑ ይሰጣቸዋል። «ይወፍርልኛል» ብላ የለውዝ ዱቄት የምትጨምርለት እናት ሐሳቧ ትክክል ነው፤ ለውዝ ገንቢ ምግብ ነው። ችግሩ የትኛው ለውዝ ተፈጨ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኞቻችን የማናውቀው ይህንን ነውና። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ጥቂት ፍሬዎች አብዛኛውን ይሸከማሉ፤ እነሱም በአብዛኛው የተጨማደዱት፣ የተሰነጠቁት፣ ቀለማቸው የተለወጠው፣ የሻገቱትና ነፍሳት የበሉት ናቸው። ስለዚህ ሰፌድ ላይ አፍስሶ እንደ ምስር መልቀም ትልቅ ሥራ ይሠራል። ይህን የሚሠራ ማሽን ውጭ አገር አለ፤ እኛ ቤት ዓይንና ጣት አለን። ግን ተለቅሞ የወጣው ውዳቂ ገበያ ላይ በርካሽ ሊሸጥ፣ ሊፈጭም ይችላል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ማንም አይለየውም። ለዚህ ነው ለሕፃን የሚሆን ዱቄትም ሆነ የለውዝ ቅቤ ከሙሉ ፍሬ፣ ለቅማችሁ፣ ራሳችሁ ብታስፈጩ የምለው። ከነቅርፊቱ ስትገዙ ወዝወዝ አድርጉት፤ የደረቀ ለውዝ ውስጡ ይንኳኳል።

«ብቆላውስ?» ትሉ ይሆናል። መቁላት ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም፤ መቀቀልም እንዲሁ። ሻጋታው በእሳት ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙቀት አይፈራም። ጣዕሙ ቢመርራችሁ ወይም ቢጎመዝዛችሁ ትፉት፤ ጣፋጭ መሆኑ ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

የለቀማችሁትን ውዳቂ ለዶሮ ወይም ለላም አትስጡ። ላሟ የበላችው መርዝ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው። በእናት ጡት ወተትም በጥቂቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ግን ጡት ማስጣያ ምክንያት እንዳይሆን አደራ፤ የምታጠባዋ እናት የምትበላውን ትልቀም እንጂ ማጥባቷን አታቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። አፍላቶክሲን ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ የካንሰሩ አደጋ ተደምሮ ሳይሆን ተባዝቶ ነው የሚያድገው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በጤና ጣቢያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሕፃናት በነፃ በሚወጉት የአምስትዮሽ ክትባት ውስጥ አለ። ካርዱን አውጥታችሁ ሦስቱም መሞላታቸውን ዛሬውኑ እዩ።