«በሰዓት ስንት ልበላቸው?»፦ የፍሪላንስ ዌብ ዴቨሎፐር የተሳሳቱ ሒሳቦች

በቅርቡ ከቅጥር ወጥቶ ፍሪላንስ የገባ፣ ማለትም በራሱ ደንበኛ እየፈለገ ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ ደወለልኝ። «በሰዓት ስንት ልበላቸው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ያሰበውን ዘረዘረልኝ። አብዛኛው እኔም ስጀምር ያሰብኩት ነው። ዋጋ አስከፍሎኛል።

«ደሞዜን ለ160 ሰዓት ባካፍለው ይበቃል»

ደሞዙ የተጣራ 40,000 ብር ነበር። በወር 160 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ በሰዓት 250 ብር። ልክ ይመስላል አይደል? ግን ተቀጣሪ ሳለ መብራት ሲሄድም፣ ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋም፣ ለጥምቀት ሲያርፍም ይከፈለው ነበር። አሁን ፕሮፖዛል ሲጽፍ፣ ደንበኛ ሲፈልግ፣ «ክፍያዬስ?» እያለ ሲደውል ለሚጠፋው ሰዓት የሚከፍለው የለም። ከ160ው ሰዓት ደንበኛ የሚከፍልበት ግማሹ ከሆነ ጥሩ ነው። 80 እንበል።

ወጪ ደግሞ አለ። በ120,000 ብር የተገዛ ላፕቶፕ ሦስት ዓመት ቢያገለግል በወር 3,300 ብር ገደማ ይበላል። ኢንተርኔቱ፣ ለመብራት መጥፋት የሚገዛው ባትሪና የሶፍትዌር ክፍያው ሲጨመር 12,000 ብር አልነው። ለግብር፣ ለሕመምና ሥራ ለሚጠፋበት ወር 13,000 ብር። ከ40,000ው ጋር 65,000 ብር መጣ። ለ80 ሲካፈል 812 ብር ከ50 ሳንቲም።

ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ማን ይከፍለኛል?»

«ዋጋ ከቀነስኩ ደንበኛ ይበዛል»

ይበዛል። ችግሩም እሱ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ በጣም ርካሽ ሠራሁ። ባለቤቱ «ትንሽ ነገር ናት» እያሉ ገጹን ሰባት ጊዜ አስቀየሩኝ። አንዴ የክፍሎቹ ፎቶ፣ አንዴ የቁርስ ሜኑ፣ አንዴ ደግሞ ልጃቸው ቀለሙን አልወደደውም። በኋላ የሠራሁበትን ሰዓት ስደምረው ለሰዓት 60 ብር እንኳ አልደረሰኝም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ማስቀየር ዋጋ እንዳለው ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«በብር ከተስማማን አለቀ»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) እና ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) በዶላር እየከፈለ ከደንበኛው ጋር ግን የዓመት ውል በብር የተዋዋለ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ሞላ። በዶላር የሚከፈለውን ከጉልበት ዋጋህ ለይተህ ጻፈው፤ በሚከፈልበት ቀን ምንዛሪ ይታሰብ። ረጅም ውል ከሆነ ጉልበትህም በየሦስት ወሩ ቢከለስ ይሻላል።

«ፈጣን ስሆን ገቢዬ ያድጋል»

በሰዓት ለሚያስከፍል ሰው ተቃራኒው ነው። ድሮ አሥር ሰዓት የፈጀብህን የክፍያ ገጽ ዛሬ በሦስት ሰዓት ከጨረስክ፣ ዋጋህ ካልተቀየረ ገቢህ ከሲሶ በታች ወረደ። ወይ የሰዓቱን ዋጋ ከፍ አድርግ፣ ወይ እንዲህ ያለውን ሥራ በቁርጥ ዋጋ ያዝ። እኔ ሥራው ጥርት ያለ ከሆነ ቁርጥ እመርጣለሁ፤ «እያየን እንቀጥላለን» የሚባል ሥራ ሲመጣ ግን በሰዓት ብቻ።

«ዋጋ ብጨምር ይቀየሙኛል»

ይሄ ሒሳብ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለአንድ የቆየ ደንበኛዬ መልእክት ጻፍኩላቸው፤ ከመስከረም ጀምሮ የሰዓት ዋጋዬ እንደሚጨምር፣ የያዝነውን ሥራ ግን በድሮው ዋጋ እንደምጨርስ። ከመላኬ በፊት ሦስት ቀን አመነታሁ። መልሳቸው በአሥር ደቂቃ ደረሰ።

«እሺ ልጄ። ደረሰኝ ግን ትሰጠኛለህ አይደል?»