«ውሃ ጠምቶት ነው» እና ሌሎች ስለ ህፃናት አመጋገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ኧረ ውሃ አቅምሱት፣ ሙቀቱን አታዩም?» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። አያት ትለዋለች፣ ጎረቤት ይደግመዋል፣ እናትም ተጨንቃ ትሰጣለች። የህፃናት ነርስ ነኝና በግልጽ ልናገር፦ ስድስት ወር ያልሞላው ህፃን ውሃ አያስፈልገውም። በሙቀትም ቢሆን!

የእናት ጡት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ በቃ። በዱቄት ወተት የሚያድገውም ወተቱ የተበጠበጠበት ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ስትጨምሩለት ትንሿ ሆዱ ትሞላና ጡት አልይዝም ይላል። ጡት ደግሞ ወተት የሚያመርተው ሲጠባ ነው። ህፃኑ መጥባት ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል፤ ከዚያ «ወተቴ አልበቃው አለ» ይመጣል። ውሃው ንጹህ ካልሆነ ተቅማጥ አለ። ከበዛ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ይህ ህፃኑን እስከማንቀጥቀጥ ይደርሳል።

አንዲት እናት የሦስት ወር ልጇ ክብደት አልጨምር ብሏት መጣች። ብንመረምር በሽታ የለም። ስንጠይቃት ከቦርሳዋ የውሃ ጡጦ አወጣች። በጠባ ቁጥር «ጉሮሮውን እንዲያጥብለት» ትሰጠው ነበር። ውሃው ቀረ፣ ልጁ መወፈር ጀመረ።

የዱቄት ወተት እንዲበረክት ማቅጠንም ያው ነው። ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ፤ አታቅጥኑ፣ አታወፍሩ።

«እንገር ቆሻሻ ነው፣ ይታለብና ይደፋ» የሚባለው ደግሞ ያናድደኛል። ያ ቢጫ ወተት ህፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነው። ጠብታ አይደፋም።

ማር? ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፤ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የላም ወተትም ዋና መጠጡ የሚሆነው ከዓመት በኋላ ነው። «ሌሊት እንዲተኛ» ተብሎ ጡጦ ውስጥ የሚጨመር የእህል ዱቄት እንቅልፍ አያመጣም፤ ሊያንቀው ግን ይችላል።

ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ምግብ አታዘግዩ። ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት እያለቀ ነው፤ ጡት ብቻውን አይበቃውም። ለስለስ ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላልና ሥጋ ጀምሩለት። ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

«ታዲያ መጥገቡን በምን ልወቅ?» ለምትሉኝ፣ ለቅሶውን ብቻ አትከተሉ፤ ህፃን ሲደክመውም ሲያመውም ያለቅሳል። ዳይፐሩን ቁጠሩ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበ፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ እየጠገበ ነው። ሽንቱ ካነሰ፣ አፉ ከደረቀ ወይም ለመጥባት ከደከመ ግን የውሃ ጡጦ አትፈልጉ። ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ።