ስለ ቨርቹዋል ማሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቨርቹዋል ማሽን በላፕቶፕ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ድረ ገጽ ዋናው ሰርቨር ላይ ከመውጣቱ በፊት እዚያ ይሞከራል። «ጠንካራ ኮምፒውተር ከሌለህ አትሞክረው።» የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። 2 ጊጋባይቱን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጥቶ ኡቡንቱ ሰርቨርን (ለሰርቨር የተዘጋጀ የሊኑክስ ዓይነት) ያለ ዴስክቶፕ፣ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ፣ መጫን ነው፤ አነስተኛ ድረ ገጽና ዳታቤዝ ለመፈተሽ ከዚያ በላይ ብክነት ነው።

«ማሽኑ አልነሳ ካለ ላፕቶፑ አይችልም ማለት ነው።» አይደለም። ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን (ቨርቹዋል ማሽን የማስኬድ አቅሙ) ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲነሳ በሚገባበት የቅንብር ገጽ፣ ተዘግቶ ነው። መክፈት ብቻ ነው።

«እኔ ጋ ከሠራ ሰርቨሩም ላይ ይሠራል።» ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ዊንዶውስ ላይ ያማረ ገጽ ሊኑክስ ላይ ሥዕሎቹ ጠፍተው የሚታየው ለዚህ ነው። ሙከራው በአማርኛ ስሞችም ይሁን። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ አሠራር) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «ገብረመስቀል» 21 ባይት ነው፣ በ20 ባይት በተወሰነ ቦታ አይገባም። በላቲን ፊደል ብቻ የሞከረ ሰው ይህን የሚያውቀው ደንበኛው ፊት ነው።

«ስናፕሾት ስላለኝ መጠባበቂያ አያስፈልገኝም።» ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ስናፕሾት ማሽኑን ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ የሚያዝ ቢሆንም ራሱን የቻለ ቅጂ አይደለም፤ በዋናው የዲስክ ፋይል ላይ የተንጠለጠለ የለውጥ መዝገብ ነው። ዋናው ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ዳታቤዙ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋበት ምን ሊሆን እንደሚችል ለጎንደር ሰው አይነገርም። ማሽኑን በሥርዓት አጥፍቶ በአንድ ፋይል ኤክስፖርት ማድረግና ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም ቨርቹዋልቦክስ ሲሆን ኤክስፖርቱ የአሁኑን ይዞታ ብቻ እንጂ ስናፕሾቶቹን አይወስድም። ደግሞም ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። የተበላሸ ፍላሽ የመሰለው ሰው ሌላ ሊገዛ ይሮጣል። በውስጡ ያለውን ገልብጦ ፍላሹን ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት መቀየር ነው።

«ድረ ገጹ ከስልኬ አልከፈት አለኝ፤ ሰርቨሩ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። ቨርቹዋልቦክስ ሲጫን የሚሰጠው ናት የተባለው ኔትወርክ ማሽኑን ከውጭ ይጋርደዋል። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱን እንደቻለ መሣሪያ ከዋይፋዩ ጋር ወደሚገናኝበት ብሪጅድ ቀይሮ ስልኩንም በዚያው ዋይፋይ ማገናኘት ይበቃል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከሆነ ግን በዋይፋዩ የሚጠቀም ሌላ ሰውም ሰርቨሩን ሊያገኘው ስለሚችል የይለፍ ቃሉ «1234» አይሁን።