ሰንጢ ምንድን ነው? ውድ ሰንጢስ ለምን ይወደዳል?

በአማርኛ ስለት ያለው መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላዋ ነው፤ ለዕርድና ለቅርጫ የሚወጣው ካራ ነው፤ ለመውጋት ተብሎ በሁለት ወገን የተሳለው ጩቤ ነው። ሰንጢ ከእነዚህ የሚለየው ስለቱ ወደ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ በመሆኑ ነው። እጀታው በሥራ ጊዜ መያዣ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አፎት ይሆናል፤ ካራ በወገብ ከመታጠቅ ይልቅ መዳፍ የምታክል ዕቃ በኪስ ይዞ መዋል የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህችን ዕቃ አንዳንድ ሰዎች ከ400 ዶላር በላይ አውጥተው ይገዟታል፤ ከገዟትም በኋላ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከቁልፋቸው ጋር ኪሳቸው ይከቷታል እንጂ በሣጥን አይቆልፉባትም። ምን እንዳገኙባት ለመረዳት አሠራሯን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በከተማ «ሰንጢ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ኪስ አውላቂና የሌሊት ጠብ ነው። ይህ ስም ለዕቃው እንደማይገባው የተረዳሁት ገና በልጅነቴ ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ባደግሁበት መንደር የነበሩት የኔታ ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡት ብርዕ ሊቀርጹ ሲሉ ነበር። መቃውን በግራ እጃቸው ይዘው ጫፉን በትንሽ በትንሹ እየጠረቡ ያሾሉታል፤ ከዚያ ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው የሾለውን አፍ በመካከሉ አንድ ጊዜ ሰንጠቅ ያደርጉታል፤ በመጨረሻም መቃውን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስደግፈው ጫፉን ይቀነጥሱታል። ስለቱ ደንዞ ከሆነ መቃው ከታሰበው በላይ ይተረተራል፤ የተተረተረ ብርዕ ደግሞ ቀለሙን አንድ ጊዜ ብራናው ላይ ይደፋዋል። ጎጃም በዲማና በዋሸራ፣ እነርሱንም በመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ትታወቃለች፤ በብራና ላይ የሚሠፍረው ጽሑፍ ግን የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ስለት ነው፤ የተሳሳተች ፊደል የምትፋቀውም በስለት ጫፍ ነው።

የሚታጠፍ ስለት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኦስትሪያ ሃልሽታት ከተገኙት የብረት ዘመን ቅርሶች አንዱ የአጥንት እጀታ ያለው፣ 2,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሰንጢ ነው፤ ሮማውያንም በሚታጠፍ ስለት ይጠቀሙ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ1890 ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንሳይ ሳቮይ የእንጨት እጀታ ያለውን የገበሬ ሰንጢ መሥራት ጀመረ፤ በ1891 የካርል ኤልዘነር የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ለሠራዊቱ ሰንጢ ማቅረብ ያዘ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ሁለቱም በርካሽ የሚገኙ ጥሩ ሰንጢዎች ናቸው። ውድ የሆኑት የመጡት በኋላ፣ ከአንድ የቆየ ችግር ጋር በተደረገ ረጅም ትግል ነው።

ችግሩ ይህ ነው፦ በአሮጌው ሰንጢ ላይ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው በጀርባው ያለው ሞላ ወይም የማጠፊያው መጥበቅ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉን ጠንካራ ነገር ላይ ሲገፉት ስለቱ በድንገት ተመልሶ ይታጠፋል። «ስለት ድጉሱን፣ ቀደደ አፎቱን» የሚለው ተረት በቆዳ አፎት ላይ የተነገረ ነው፤ በሰንጢ ላይ ሲሆን ግን የሚቀደደው የባለቤቱ ጣት ነው። ከገበያ በገዛሁት ሰንጢ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ስልጥ ስለቱ ታጥፎብኝ የቀኝ ሌባ ጣቴ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ኦፒኔል በ1955 በሰንጢው አንገት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት በመጨመር መልስ ሰጠ፤ ባክ የተባለው የአሜሪካ ሰንጢ አምራች በ1964 በጀርባ በኩል የሚቆለፍ ሰንጢ ለገበያ አቀረበ። እኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ መልስ የአንድ አፍሪካዊ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ሪቭ በ1989 ወደ አሜሪካ አይዳሆ ተሻግሮ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ሰበንዛ» ብሎ የሰየመውን ሰንጢ አወጣ፤ ቃሉ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። በዚህ ሰንጢ ላይ መቆለፊያ የሚባል የተለየ አካል የለም። እጀታው ቲታኒየም ከተባለ ቀላል ማዕድን የተሠራ ሁለት ገጽ ነው፤ የአንደኛው ገጽ ከፊሉ በቀጭኑ ተሠንጥቆ ራሱ እንደ ሞላ እንዲያገለግል ተደርጓል። ስለቱ ሲከፈት ይህ የእጀታው ክፍል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከስለቱ ኋላ ይቆማል፤ በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ ካላደረጉት በስተቀር ስለቱ አይመለስም። ሰውየው ለከባድ ሥራ እጀታውን አጥብቆ በጨበጠ ቁጥር የገዛ መዳፉ መቆለፊያውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። አንድን አደጋ ለማስቀረት ዕቃ ከመጨመር ይልቅ ያለውን ክፍል ሁለት ሥራ ማሠራት፣ በእኔ ግምት፣ የጥሩ ባለእጅ ትልቁ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብረቱ ነው። ስለት የሚሠራበት ብረት ውስጥ ካርቦን ክሮሚየምና ቫናዲየም ከተባሉ ማዕድናት ጋር ተዋሕዶ እጅግ ጠንካራ የሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ ስለቱን ቶሎ እንዳይደንዝ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ነገር ግን የቀለጠ ብረት በተለመደው መንገድ ፈስሶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ እንደሚጓጉል ሁሉ ቅንጣቶቹ በአንድ ቦታ ይከማቻሉ፤ በተከማቹበት ቦታ ስለቱ ይሸረፋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የቀለጠውን ብረት በኃይለኛ ጋዝ እየረጩ ዱቄት ማድረግ ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ በቅጽበት ስለምትጠጥር ቅንጣቶቹ ለመጓጎል ጊዜ አያገኙም። ዱቄቱ በዕቃ ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተመልሶ አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። በ2001 ክሩሲብል የተባለው የአሜሪካ ብረት አምራች ከክሪስ ሪቭ ጋር ተመካክሮ ያወጣው ኤስ 30 ቪ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ክሮሚየሙ ዝገትን ይከላከላል፤ ቫናዲየሙ ስለቱን ያበረታል። ሎሚ ቆርጦ ሳያጥበው ኪሱ ለሚከት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእጀታው ቲታኒየም አይዝግም፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 4.4 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ብረት ግን ወደ 7.8 ይጠጋል። በዞጲ፣ በቀንድ፣ አልፎ ተርፎም ከበረዶ ሥር በወጣ የማሞዝ (ዘሩ የጠፋ ጸጉራም ዝሆን) ጥርስ የሚያስጌጡም አሉ፤ እኔ ጌጡን ብዙም አልከታተልም።

ሥራው የጠራ መሆኑ የሚታወቀው ሰንጢው ሲዘጋ ነው። ከላይ ሲመለከቱት ስለቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል በሁለቱ ገጾች ትክክለኛ መካከል ይተኛል፤ ይህ እንዲሆን ማጠፊያው፣ በማጠፊያው ግራና ቀኝ ያሉት የነሐስ ሮንዴላዎች ወይም ኩሽኔታዎች፣ የገጾቹም ልሙጥነት ከፀጉር በቀጠነ ልክ መስማማት አለባቸው። ሲከፍቱት አይንቀጫቀጭም፣ አይጎረብጥም፤ መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር፣ ድፍን «ጠቅ» ትሰማለች፣ ከዚያ በኋላ የሚነቃነቅ ነገር የለም። ባለቤቱ ሁለት ሦስት ብሎን ፈትቶ ውስጡን አጽድቶና ጠብታ ዘይት ጨምሮ መልሶ መግጠም ይችላል። ዛሬ በኪሳችን ከምንይዛቸው ዕቃዎች መካከል ከፍተን ውስጡን ልናየውና እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዳለ ልንረዳው የምንችለው ስንቱ ነው? ሰንጢ ወዳዶች ከዋጋው በላይ የሚያነሡት ይህን ነው።

መያዙ ደግሞ የፍቅሩ ግማሽ ነው። በ1981 ስፓይደርኮ የተባለው ኩባንያ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ደግሞ ኪስ ጠርዝ ላይ የሚሰካ መንጠቆ ያለው ሰንጢ ካወጣ ወዲህ በአንድ እጅ አውጥቶ መክፈት የተለመደ ሆኗል። የጥጃ ገመድ በአንድ እጁ የያዘ ወይም የሚዳቀል የማንጎ ችግኝ የደገፈ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ያውቀዋል። እርግጥ ነው፣ ቦታን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት አይቻልም፣ በመሥሪያ ቤት ፍተሻም ይያዛል፤ በእንግሊዝ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና የማይቆለፍ ስለት ብቻ ነው።

«ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ በጥቂት ብር እየተገኘ ይህን ያህል ገንዘብ ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእኛ ቀጥቃጭ በወናፍና በመዶሻ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ስለት ሥጋም ጠፍርም በሚገባ ይቆርጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ የዋጋው ልዩነት ሳይሆን የክብሩ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ስለቱን እየተጠቀምን ሠሪውን «ቡዳ» እንል ነበር፤ ስድቡም በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሰንጢ ወዳዶች ስለ አንድ ሰንጢ ሲጨዋወቱ በቅድሚያ የሚያነሡት የሠሪውን ስም ነው።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝን ቲታኒየም ሰንጢ ይዤ የኔታ ያስተማሯቸውን አንድ ቁም ጸሐፊ ልጠይቅ ሄድሁ። መቃ አምጥተው አንድ ብርዕ ቀረጹበት፣ ቀጥለው ሁለተኛና ሦስተኛ፤ አንዱም አልተተረተረም። ስንት እንደተገዛ አልጠየቁኝም፤ «ማን ነው የሠራው?» አሉኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኋቸው። መዝጋት አቅቷቸው ሲቸገሩ ሳይ መቆለፊያውን በአውራ ጣት እንዴት ወደ ጎን እንደሚገፉት አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም የቀረጿቸውን ብርዖች አጠገባቸው አኑረው፣ ጆሯቸውን ወደ እጃቸው ዘንበል አድርገው ሰንጢውን ይከፍቱ ይዘጉት ጀመር።